የማይሰቀሉ ልብሶች

ጥቅምት 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የልብስ እጥበት ቤቱ እንፋሎትስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። ልጅዎም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሰፈሩም «ጌታው» ማለቱን አልተወም።

የላኩት ቦንዳ ደርሷል። ስፈታው መጀመሪያ የወጣው የሙሽራ ቀሚስ ነው። ቀጥሎ ሌላ የሙሽራ ቀሚስ። ከዚያ ካፖርት፣ ከካፖርቱ ሥር ደግሞ ላባ ያለው ባርኔጣ። አክስቴ፣ እዚህ መንገድ ላይ ስንት ሰው ያገባል ብለው ነው? ያገባስ ቢሆን በማግስቱ የሚፈልገው ካልሲ ነው።

ከዚህ በፊት በጨዋ ቋንቋ ጽፌልዎት ነበር፤ አሁን በግልጽ ልጻፍ። ሱቁን የሚያቆመው የዘወትር ልብስ ነው፤ ካልሲ፣ ካናቴራ፣ የውስጥ ሱሪ፣ የልጆች ሹራብ፣ ጥቁር የሥራ ሱሪ። ሰው እነዚህን ሳይመክርበት ይገዛል፤ ሲያልቁበትም ተመልሶ ይመጣል። የሙሽራ ቀሚስ ሰው ያስቃል እንጂ አያስገዛም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አንዱን በላይዋ ላይ ለክታ «አሁን ይሄን ለብሼ ሊጥ ላቡካ?» ስትል መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ስቆ ሄደ።

ለእናቴ ለቅሶ የመጡ ጊዜ፣ በዚሁ ክፍል፣ ጎረቤት እየሰማ «ሱቁ በእግሩ ሲቆም ያንቺ ነው» ብለውኛል። ዲግሪዬን ይዤ ያልጠናሁት ደጅ የለም፤ የሁሉም መልስ «እንጠራሻለን» ነው። ያለኝ ይህ ሱቅ ብቻ ነው። በእግሩ እንዲቆም ደግሞ ካልሲ ያስፈልገዋል።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 9

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለምሁሯ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እህቴን የወሰደ ፈጣሪ አንቺን ይተውልኝ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኔ ደህና ነኝ። እጄ ብቻ ትንሽ ያብጣል፤ ከሙቅ ውሃው ነው ይሉኛል፤ ያልፋል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁም፣ አፈርኩም። እኔ እዚህ የሰው አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት መጋዘን ስገባ ታዲያ ዓይኔ የሚሄደው ወደሚያብረቀርቀው ነው። ለዘመድ ካልሲ መላክ ደግሞ እንደ መናቅ ሆኖ ታየኝ። ከእንግዲህ ያልሽውን ነው የምልከው።

ግን የኔ ልጅ፣ ሥራውን አላውቀውም። አንቺ ምሪኝ። ከቦንዳው አፈታት ጀምረሽ ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ምኑ እንደሚለይ፣ ምኑ እንደሚጣል፣ ሰው ምን እንደሚል። ትንሽ ነው ብለሽ የምትተዪው ነገር አይኑር።

ልጄስ ያግዝሻል? ባያግዝሽም አትጫኚው። እናቱ ሳትኖር ያደገ ልጅ ነው፤ ኩርፊያው ከኔ ነው እንጂ ካንቺ አይደለም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

እጅዎን እግዜር ይማርልዎት። በሞቀ ውሃ ያበጠ እጅ በቀዝቃዛ ጨርቅ ነው የሚያዘው፤ እባክዎ ዝም ብለው አይቻሉት።

ጻፊልኝ ባሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ሥራ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ ሰልባጅ ማራገፍ እንጂ ሥራ አይመስለውም።

ቦንዳ የምፈታው በሩን ዘግቼ ነው። ሰው ፊት ከተፈታ ጥሩ ጥሩው ተሻምቶ ያልቅና የቀረው «የተመረጠበት» ይባላል፤ ያ ስም አንዴ ከወጣለት ማንም አይነካውም። ካልሲ ውስጥ እጄን አስገብቼ ተረከዙን ወደ ብርሃን አያለሁ። ብርሃን ካስተላለፈ ሰው እግር ላይ አይቆይም፤ ለጫማ ጠራጊዎች ጨርቅ ይሆናል። የውስጥ ሱሪ ላስቲክ በሁለት አውራ ጣቴ እስበዋለሁ፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግይቶ ከመጣ ለልብስ ሰፊዋ ይሄድና ይቀየራል። ነጭ ነገር በረኪና አይነካውም፤ ያረጀ ነጭ በረኪና ሲያገኝ ቢጫ ይሆናል። በሳሙና ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የልጆች ካናቴራ አንገት ላይ አንዳንዴ የልጅ ስም ተጽፎ ይመጣል፤ እሱን እቆርጠዋለሁ። ማንም ሕፃን የሌላ ሕፃን ስም አንገቱ ላይ ይዞ መሄድ የለበትም።

የዘወትር ልብስ አይሰቀልም። ይታጠፋል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል። የጓሮውን በርም ከፍቼዋለሁ። ለምን ይሉኝ ይሆናል፤ እሱ በወረቀት የሚነገር አይደለም፤ ሲመጡ ቆመው ያዩታል።

ስለ ልጅዎ ጠይቀውኛል። ባለፈው ቦንዳ ሲመጣ «በአንድ ጎን ያዝልኝ» ስለው «እጄ ሰልባጅ ሰልባጅ ይሸታል» አለኝ። «ሆድህስ ምን ምን ይሸታል? የሚሞላው በሱ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ እርስዎን ይመስላል። ቦንዳውን ግን አልያዘም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 20

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ከፍ ከፍ በይልኝ፤ ምቀኛሽ ይፈር። በመዘግየቴ እንዳትቀየሚኝ፤ እጄ ብዕር እንደ ልብ አልይዝ ብሎኝ ነው።

ካልሲና ካናቴራ የሞላበት ቦንዳ ልኬልሻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተረከዝ ተረከዙን ወደ መብራት ሳይ ሻጩ «ሴትዮ፣ ዓሣ ነው እንዴ የምትገዢው?» አለኝ።

አሁን ደግሞ ይህን ጻፊልኝ። የኔ ቦንዳ ሲያልቅብሽ ከማን ትገዣለሽ? የማያጭበረብረው የትኛው ነው? ልብስ ሰፊዋ የት ትቀመጣለች? የፋብሪካ ሠራተኞች የሚመጡት በየትኛው ቀን ነው? ብታመሚ እንኳ ሱቁ በምን እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሰው ነገር አይታወቅም።

ልጄ ደብዳቤ ጻፈልኝ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

አክስትሽ


የካቲት 8

ለተከበሩ አክስቴ፣

በላኩት ካልሲ መንገዱ ሁሉ እግሩ ሞቋል፤ ምርቃቱን እኔ እየተቀበልኩልዎት ነው።

የጠየቁኝን በዝርዝር እነሆ። ቦንዳ ተራ ውስጥ በስተግራ ጥጉን የያዘውን ሽማግሌ ብቻ ነው የማምነው፤ የሌሎቹ ቦንዳ ፊቱ ሙሽራ፣ ሆዱ ጆንያ ነው። ቦንዳው ሳይፈታ ጎኑን በጣት መውጋት ነው፤ ጥጥ ከሆነ ጣት ይገባል፣ ናይለን ከሆነ ገፍቶ ይመልሳል። ልብስ ሰፊዋ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊው በር ሥር ናት፤ ላስቲክ ሲበዛ ትነጫነጫለች፤ አንዴ ካሳቋት ግን ትሠራለች። የፋብሪካዎቹ ሰዎች ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት ይመጣሉ፤ ያኔ የሥራ ሱሪ ከጠፋ ወሩን ሙሉ አይመለሱም።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ። አክስቴ፣ ሱቁ በእግሩ ቆሟል። ቦንዳ በራሱ ገቢ ይገዛል፤ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ያሉኝን ቃል አስታውሰው የሱቁን ወረቀት በስሜ አድርገው ይላኩልኝ። ለመጣደፍ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት የማን በር እንደምከፍት ማወቅ ፈልጌ ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 25

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ፈጣሪ ልብሽን ያስፋው። ይህን የምልሽ ሰፊ ልብ የሚጠይቅ ነገር ስላለኝ ነው።

ስጽፍ ስቀድ፣ ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ። ልጄ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰብ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውታል። እኔ ምን አለኝ የምሰጠው? ገና በወጉ መናገር ሳይጀምር ጥዬው የወጣሁ እናት ነኝ። በደብዳቤው እንኳ «እማማ» አይለኝም፤ በስሜ ነው የሚጠራኝ። ስለዚህ ሱቁን ለሱ አድርጌዋለሁ። ወረቀቱንም ልኬለታለሁ።

አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰልባጅ ስታራግፊ መኖር አይመጥንሽም፤ እህቴም ብትኖር አትወድልሽም። የትም ብትገቢ ዕውቀትሽ ያኖርሻል። እሱ ግን ይህን ካጣ ምን አለው? ሥራውን እንደሆነ አሁን ያውቀዋል። የምትኖሪበት የጓሮ ክፍል ያንቺው ነው፤ ማንም አይነካሽም።

በእህቴ ይሁንብሽ፣ አትርገሚኝ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 19

ለአክስቴ፣

እንደምን ነዎት ማለት ደንብ ነው፤ ብያለሁ።

ከደብዳቤዎ ልጅዎ ቀድሞ ደረሰ። ጠዋት ካልሲ ሳጣምር ገባ። አንዱን አነሳና እጁን አስገብቶ ወደ ብርሃን አየው። ካልሲ ሲነካ አይቼው አላውቅም፤ የገዛ ራሱን እንኳ የማጥብለት እኔ ነኝ።

«ይሄ ለጫማ ጠራጊ ነው» አለኝ።

«ማን አስተማረህ?»

«ብርሃን ካስተላለፈ ሰው እግር ላይ አይቆይም።»

አክስቴ፣ ቃሉ የኔ ነው። አንዲት ፊደል አላጎደለም።

«የውስጥ ሱሪስ?» አልኩት።

ሁለት አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። «ይሳባል። እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግይቶ ከመጣ ይቀየራል።»

ደብዳቤዎቼን እንዳሉ ለሱ ልከውለታል። እኔ ለአክስቴ የምጽፍ መስሎኝ ተተኪዬን ሳሠለጥን ከረምኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። እኔ ሞፈሩን ራሴ ቆርጬ፣ ጠርቤ፣ አለስልሼ በፖስታ ላክሁት። «ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪ» ሲሉኝ እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ ባወቁ! አንድ ታላቅ ሰው ሥራዬን የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር።

«የተማርሽ ነሽ» ይሉኛል። መማሬ ለሰው ትዝ የሚለው ከአንድ ቦታ ሊያስወጣኝ ሲፈልግ ብቻ ነው። ልጅዎ ባለመማሩ ሱቅ ተሰጠው፤ እኔ በመማሬ ተነጠቅሁ። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚፈርድ ፈተና ተፈትኜ አላውቅም። እናት የሌለው እሱ ብቻ ይመስል! የእሱ እናት ደብዳቤ ትጽፋለች፤ የኔ አትጽፍም።

አልረግምዎትም። መራገም የደካማ ሥራ ነው። አንቱ ማለቴንም አልተውም፤ ያሳደገችኝ እናቴ ናትና።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። ያን ዕለት ልጅዎ የጓሮውን በር በምስማር ጠረቀመው። በላዩ ላይ ጃኬት ሊሰቅልበት ነው። «ተው፤ ሌላውን ሁሉ እንዳሻህ አድርግ፣ እሱን አትዝጋ» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። ወደ ካልሲ ማጣመሬ ተመለስኩ። «ደብዳቤው ላይም አልተጻፈም» አለና የመጨረሻውን ምስማር መታ። እውነቱን ነው፤ አልጻፍኩም።

የእናቴ ልጅ


ሐምሌ 3

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ቁጣሽን ያብርደው፤ ጤና ይስጥሽ። ይህ ሁለተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ለፊተኛው አልመለስሽልኝም። እውነት አለሽ፤ ሳጠፋም አጥፊ መሆኔን አውቄ ነው ያጠፋሁት። እናት ሆነሽ ስታዪው ምናልባት…

ልጄ ሱቁ ሰው አይገባበትም ይለኛል። ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ ጃኬትና ካፖርት ላክሁለት። አንቺ ያልሽውንም አልተወም፤ ካልሲውን ያጣምራል፣ ላስቲኩን ያስቀይራል። የዘወትር ልብሱን ሁሉም እንዲያየው ብሎ ከፊት ለፊት በረድፍ ሰቅሎታል፤ ዋጋውን በትልቁ ጽፏል፤ በድምፅ ማጉያም ይጠራዋል። ሰው ግን ዓይኑን አዙሮ ያልፋል። ደንበኞችሽን አንቺ ከልክለሽበት እንደሆነ ጠርጥሮ ነበር፤ እኔ «አታደርገውም» አልኩት።

ምን ጎደለ? ያልጻፍሽው ምንድን ነው? በእህቴ አጥንት ለምኜሻለሁ።

አክስትሽ


ነሐሴ 14

ለአክስቴ፣

ማንንም አልከለከልኩም። ያልጻፍኩትንም እነግርዎታለሁ፤ ከእንግዲህ የሚጠቀምበት የለም።

ሰው ያገለገለ ካፖርት ሲገዛ አያፍርም። መንገድ ላይ ለብሶት «እንዴት ነው?» ይላል። የሌላ ሰው ገላ የነካው የውስጥ ልብስ ግን በሰው ፊት የሚገዛ የለም። የማይገዛው ስለማያስፈልገው አይደለም። ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ያስታውሷታል፤ በፊት በር ገብታ በሙሽራ ቀሚስ መንገዱን ያሳቀችው። በጓሮ በር ስትመጣ አትስቅም። አትናገርም። እኔም አልጠይቃትም። የልጆቿን የልብስ ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልጆቹ ሲያድጉ እኔ አብሬ ከፍ አደርገዋለሁ። አጥፌ በጋዜጣ እጠቀልልና ከላይ አንድ ሹራብ አደርግበታለሁ፤ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው «ሹራብ ገዛች» ይላል። የሰፈሩ አስተማሪም እንደዚያው ነበር፤ ያገለገለ ካናቴራ ሲገዛ ተማሪው ካየው ነገ በምን አፉ «ዝም በሉ» ይላል? የሱቁ ትርፍ ከነዚህ ሰዎች ነበር። አዘውትረው ይመጡ ነበር፤ አንዳቸው ሌላውን አይተው አያውቁም።

ይህን ያልጻፍኩት ብልጥ ሆኜ አይደለም። ሌላው የኔ ሙያ ነው፤ ይህ ግን የነሱ ገበና ነው። የሰው ገበና በፖስታ አይላክም።

ልጅዎ እሱን ነው ከፊት የሰቀለው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ስታልፍ በማጉያው «እናት! የልጆች የውስጥ ልብስ ገብቷል! የድሮ ደንበኛችን፣ ምነው ጠፋሽ?» ብሎ ጮኸ። በጓሮ ስትገባ አይቷት ነበር መሰል። ክፋት አልነበረውም፤ ሊያከብራት ነው። መንገዱ ሁሉ ዞሮ አያት። ማዶ ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ በዚህ በኩል አልፋ አታውቅም። እኔንም ሰላም አትለኝም። ያዋረድኳት እኔ መስያታለሁ።

በቅርጫት ይዤ ቤት ለቤት ሞክሬአለሁ። በር ሳንኳኳ ጎረቤት አንገቱን ያሰግጋል፤ የቤቱ እመቤት «አንፈልግም!» ብላ ጮክ ትላለች፤ ጎረቤት እንዲሰማላት። የጓሮ በር ተሸክመው የሚዞሩት ነገር አይደለም። ሰው ነው ወደሱ የሚመጣው።

ቅርጫቱን አስቀምጫለሁ። አሁን ምንም አልሠራም። ጠዋት እነሳለሁ፤ የምከፍተው በር የለኝም።

የእናቴ ልጅ


ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ። ምርቃት ብጽፍልሽ አፌ ላይ አልጣፈጠኝም፤ ስለዚህ ልተወው።

ይህን የምትጽፍልኝ አብራኝ የምትኖር ሴት ናት። ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። እጥበት ቤቱ አሰናበተኝ፤ ደጉ አለቃችን እስከ በሩ ሸኘኝ። ልጄ ለደብዳቤዬ መልስ መስጠት ትቷል። የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም፤ ልመጣ ነው።

ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ያን ሰፈር ታውቂዋለሽ፤ ከሩቅ የመጣን ሰው ፊቱን ሳይሆን ሻንጣውን ነው የሚያየው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የጓሮውን በር ምስማር አስነቅለሽ ክፈቺልኝ። ማንም ሳያየኝ በዚያ ልግባ። አንቺ ለባዕድ ያደረግሽውን ለኔ አድርጊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 1

ለአክስቴ፣

እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት የሚባለውን ሲደርሱ እላለሁ።

ልጅዎ የለም። የልጅቷ ቤተሰብ መጥተው ሱቁን አዩ፤ በትህትና ተሰናብተው ሄዱ። ከዚያ እሱም ሄደ፤ ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። የሱቁን ቁልፍ ከክፍሌ በር ሥር አገኘሁት። ካፖርቶቹ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ብል ገብቶባቸዋል። ከጓሮ ክፍሌ ወደ መንገድ የምወጣው በነሱ መሃል ነው፤ እጅጌያቸው እንደ አስተዛዛኝ ትከሻዬን ይነካኛል። አራግፌ ልሸጣቸው አስቤ ነበር። ማን ይገባል? ሰዉ ይህን በር ሲያይ መንገድ መሻገር ለምዷል።

ቤቱ የእናቴም የእርስዎም ነው፤ አልጋዎን አነጥፋለሁ። እጅዎን አሻለሁ፤ ጣቶችዎ ካልታጠፉ አጎርስዎታለሁ። አልጋው ላይ የሚቀይሩትን አጥፌ አስቀምጣለሁ፤ ካናቴራ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲ። ላስቲካቸውን ፈትሻለሁ። ቁጥርዎን አውቀዋለሁ፤ ጮክ ብዬም አልጠራውም። ይህን ለማንም አደርገዋለሁ፤ ይቅርታ አይምሰልዎት።

የጓሮውን በር ግን አልከፍተውም። ጉጠት አጥቼ አይደለም። ጉጠት አለኝ፤ እጄም ጤነኛ ነው። ነገር ግን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እስከ ዛሬ በማዶ ነው የምታልፈው። አስተማሪው ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ከሥሩ ምን እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። በነሱ ላይ የተዘጋ በር ለእርስዎ ብቻ አይከፈትም።

በፊት በር ይግቡ። መንገዱ ቆሞ ያያል፤ ይይ። እኔ ደጃፉ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ሻንጣዎን ከእጅዎ እቀበላለሁ፤ ቀላል መሆኑን ግን ልደብቅልዎ አልችልም።

የእህትዎ ልጅ